ፊልሙ የማን ልጅ ነው?

የተከበራችሁ ወላጆች፣ የተከበራችሁ ሽማግሌዎችና ቄሶች፣

በእኛ ማኅበረሰብ ወንድና ሴት ልጅ ከመጋባታቸው በፊት ዘር ይቆጠራል። ሽማግሌዎች ይቀመጡና በእናትም በአባትም በኩል እስከ ሰባት ትውልድ ድረስ ይቆጥራሉ። ዘመዳሞች ሆነው ከተገኙ ጋብቻው ይቀራል። እዚህ አገር ከተወለድነው ልጆች ብዙዎቻችን ግን ሰባት ቀርቶ ከአያታችን አባት ስም አናልፍም። ለዚህ ነው ሠርግ ላይ ወይም ሐዘን ቤት አንድ ሽማግሌ "አንተ የማን ልጅ ነህ?" ወይም "አንቺ የማን ልጅ ነሽ?" ብለው ሲጠይቁን ደንግጠን ወደ እናታችን የምናየው። እሳቸው ግን መልሱን ሲሰሙ ሁሉንም ነገር ያውቁታል፤ መንደሩን፣ አጎቱን፣ ማን ከማን ጋር እንደተጣላ ሳይቀር።

እኔ ይህ ጥያቄ ለሰው ብቻ ሳይሆን ለፊልምና ለቴሌቪዥንም እንዲቀርብ እፈልጋለሁ። ቀልድ ይመስላል፣ ግማሹም ቀልድ ነው። ግማሹ ግን ቁም ነገር ስለሆነ እስከ መጨረሻው እንድታነቡልኝ እለምናለሁ።

በየቤቱ የሚሰማው ወቀሳ የታወቀ ነው። "ይህ ልጅ መጽሐፍ አይነካም፤ ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ ተተክሎ ይውላል።" ወቀሳው ውሸት ነው አልልም። ነገር ግን መጽሐፍንና ፊልምን እንደ ሁለት ባላጋራ ያስቀምጣቸዋል። በእኔ አስተያየት ባላጋራ አይደሉም፣ ዘመዳሞች ናቸው። የብዙ ፊልም አባት መጽሐፍ ነው። የብዙ መጽሐፍ አባት ደግሞ በአፍ የተነገረ ታሪክ ነው። በአፍ የተነገረውን ታሪክ ከሁሉ በላይ የሚያውቁት ደግሞ ሶፋው ላይ አጠገባችን ተቀምጠው "ይህ ምንድን ነው የምታዩት?" የሚሉን ሰዎች ናቸው።

ምሳሌ ልስጥ። ዓመቶቹን የምጽፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በአንበሳው እጀምራለሁ። በ1994 ዲዝኒ ያወጣውንና እኛ በዕብራይስጥ መለኽ ሃአራዮት የምንለውን ፊልም ልጆቻችሁ ሁሉ አይተውታል። አንድ ንጉሥ አንበሳ አለ። ክፉ ወንድም አለው፣ ስሙም ስካር ይባላል። ስሙን በአማርኛ የሰማ ሰው ሰካራም አንበሳ ነው ብሎ ይስቅ ይሆናል፤ በእንግሊዝኛ ግን ጠባሳ ማለት ነው። ስካር ወንድሙን ገድሎ መንግሥቱን ይወስዳል። ግልገሉን "አባትህ የሞተው በአንተ ምክንያት ነው" ብሎ ያባርረዋል። ግልገሉ በበረሃ ተሰዶ፣ በሰው አገር አድጎ፣ በመጨረሻ ሕዝቡን ለማዳን ይመለሳል።

ይህ ፊልም የማን ልጅ ነው? አንደኛው አባቱ ሼክስፒር በ1600 አካባቢ የጻፈው ሐምሌት የተባለው ቴአትር ነው። እዚያም አጎት ወንድሙን ንጉሡን ገድሎ ዙፋኑን ይወርሳል፤ የሞተው አባትም ለልጁ ይታየዋል። ሐምሌትን ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ ስለመለሰው ከእናንተ መካከል የሚያውቀው ሊኖር ይችላል። ነገር ግን ፊልሙን የሠሩት ሰዎች ከሐምሌት ሌላ ሁለት ስሞች ራሳቸው ጠርተዋል፤ ዮሴፍንና ሙሴን። ዮሴፍ በገዛ ወንድሞቹ ጉድጓድ ተጣለ፤ ለአባቱም በደም የተነከረ ልብስ አሳይተው ልጅህ ሞቷል አስባሉት። ሙሴም ከቤተ መንግሥት ወደ ምድረ በዳ ሸሸ፤ በግ ሲጠብቅ ኖሮ ሕዝቡን ሊያወጣ ተመለሰ። እንግዲህ ኦሪትን በቃሉ የሚያውቅ አያት ያንን ፊልም አንድ የዕብራይስጥ ቃል ሳይገባው እንኳ ቀጥሎ የሚመጣውን መናገር ይችላል። ልጁ ደግሞ "እንዴት አወቅክ፣ አባባ?" ማለቱ አይቀርም።

ሁለተኛው የዓሣው ዘር ነው። በ2003 የወጣው ኔሞን ፍለጋ የተባለው ፊልም ስለጠፋ ትንሽ ዓሣና ስለሚፈልገው አባቱ ነው። አባትየው በመንገድ ላይ ዓሣ ነባሪ ይውጠዋል፤ ቆይቶም በሕይወት ይወጣል። ከዚያ በፊት ፒኖኪዮ ነበር። ፒኖኪዮን ጣሊያናዊው ካርሎ ኮሎዲ ጽፎት በ1883 በመጽሐፍ ወጣ። እዚያም ሽማግሌው አናጢ በባሕር አውሬ ይዋጣል፤ የእንጨቱ ልጅም ሆድ ውስጥ ያገኘዋል። በመጽሐፉ አውሬው ግዙፍ ሻርክ ነው፤ ዲዝኒ በ1940 ፊልም ሲያደርገው ግን ዓሣ ነባሪ አደረገው። ከሁሉም በፊት ማን እንደነበረ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። በዮም ኪፑር፣ እናንተ አስተሰርዮ በምትሉት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ በምኩራብ የምንሰማው ነቢዩ ዮናስ ነው። መጽሐፉ "ትልቅ ዓሣ" ብሎ ያልፈዋል እንጂ ዓይነቱን አይናገርም። እኔ ጾሙ ሲከብደኝ ስለ ዓሣው ዓይነት ማሰብ ሰዓቱን ያሳጥርልኛል።

ሦስተኛው ሱፐርማን ነው። ሱፐርማንን በ1938 ለዓለም ያቀረቡት ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር የተባሉ ሁለት ወጣቶች ናቸው፤ ሁለቱም ከአውሮፓ የተሰደዱ አይሁዶች ልጆች ነበሩ። ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ ዓለም ሊጠፋ ሲል ወላጆች ሕፃን ልጃቸውን ለማዳን በትንሽ መንኮራኩር ውስጥ አስተኝተው ይልኩታል። ሌሎች ሰዎች አግኝተው ያሳድጉታል፤ አድጎም ሰዎችን ያድናል። የዓባይን ወንዝ፣ የደንገሉን ሣጥንና የፈርዖንን ልጅ የሚያውቅ ሰው ይህንን ሕፃን አይስተውም። የትውልድ ስሙ ካል ኤል ነው። "ኤል" ዳንኤልና ሳሙኤል ውስጥ ያለው ቃል መሆኑን ደግሞ ልጅም ያውቃል።

ሱፐርማን ላይ አንድ ነገር ልጨምር። እሱ ሁለት ስም አለው፤ ወላጆቹ ያወጡለትና በአዲሱ አገር የሚጠራበት ክላርክ። ከእናንተም ብዙዎቻችሁ ወደዚህ አገር ስትገቡ ከአማርኛ ወይም ከትግርኛ ስማችሁ ላይ የዕብራይስጥ ስም ተሰጥቷችኋል። ቤት ውስጥ በአንዱ፣ በሥራ ቦታ በሌላው ትጠራላችሁ። ሱፐርማን መነጽር አድርጎ ሌላ ሰው ሲመስል እኛ ልጆቹ እንስቃለን። እናንተ ግን ሁለት ስም ተሸክሞ መኖር ምን እንደሆነ ከማንኛውም የፊልም ተንታኝ የበለጠ ልትነግሩን ትችላላችሁ። ይህንን ማንም አልጠየቃችሁም። እኔ እንድትጠየቁ እፈልጋለሁ።

በዘር ቆጠራ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መምሰል ብቻውን ዘመድ አያደርግም። የአንበሳው ፊልም ሠሪዎች ከየት እንደወሰዱ ተናግረዋል፤ ይህ የሥጋ ዝምድና ነው። ቶምና ጄሪን ደግሞ ተመልከቱ። ከ1940 ጀምሮ ትንሽዋ አይጥ ትልቁን ድመት ታታልለዋለች። እናንተ በተረት የምትነግሩን እመት ጦጢትም አያ ጅቦን ታታልለዋለች። ቶምና ጄሪን የሠሩት አሜሪካውያን የጦጢትን ተረት ሰምተው አይደለም። ነገር ግን በየትኛውም አገር ደካማ የሆነ ሕዝብ ጉልበተኛው በብልሃት ሲሸነፍ መስማት ይወዳል። ይህንን ጉርብትና እለዋለሁ። ጨዋታው የሚጣፍጠው ሥጋ ዝምድናንና ጉርብትናን ስንለይ ነው፤ ሲለይም ክርክር ይነሣል፤ ክርክር ሲነሣ ደግሞ ሁሉም ሰው ይናገራል።

የፍቅር ታሪክም እንዲሁ ነው። ዌስት ሳይድ ስቶሪ የተባለው ፊልም በ1961 ወጣ፤ በ2021 ደግሞ ስቲቨን ስፒልበርግ እንደገና ሠራው። በኒውዮርክ በሁለት የተጣሉ የወጣት ቡድኖች መካከል ስለተዋደዱ ልጆች ይናገራል። አባቱ የሼክስፒር ሮሜዎና ዡልየት መሆኑ የታወቀ ነው፤ እሱንም ከበደ ሚካኤል በአማርኛ አቅርቦታል። ጎረቤቱ ግን ለእናንተ ቅርብ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1958 ያሳተመው ፍቅር እስከ መቃብር ነው። የባላባት ልጅ ሰብለ ወንጌልና መምህሯ በዛብህ ተዋደዱ፤ የዘር ኩራት ግን ለያያቸው። ይህንን መጽሐፍ ብዙ ሰው ያወቀው ገልጦ በማንበብ አይደለም። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲያነበው በማዳመጥ ነው። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ገጸ ባሕርያቱን እንደ ጎረቤቱ ያውቃቸው ነበር። እንግዲህ መጽሐፍን በመሣሪያ መቀበል በእኛ ትውልድ የተጀመረ አይደለም። እናንተ በጆሮ ተቀበላችሁ፣ እኛ በዓይን እንቀበላለን።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ።

የመጀመሪያው "ኦሪትን ከካርቱን ጋር ማወዳደር ድፍረት ነው" የሚል ነው። እኔ ፊልሙ ኦሪትን ይተካል አላልኩም። ቄሶቻችን ኦሪትን በግዕዝ ያነቡና ሕዝቡ በሚገባው ቋንቋ በአማርኛ ወይም በትግርኛ ይተረጉማሉ። ይህ ለእኔ ስክሪኑ ግርጌ ከሚጻፈው ትርጉም ጋር አንድ ሥራ ነው። ቃሉ ቅዱስ ሆኖ ይቀመጣል፤ ሰው ግን እንዲገባው ይደረጋል። ፊልም ደግሞ ሲሳሳት የሚያርመው ሰው ያስፈልገዋል። በ1998 የወጣውን የግብጽ ልዑል የተባለውን የሙሴን ፊልም ውሰዱ። በፊልሙ ሕፃኑን ከወንዝ የምታወጣው የፈርዖን ሚስት ናት፤ በኦሪት ግን የፈርዖን ልጅ ናት። በኦሪት ሙሴ አፌ ኮልታፋ ነው ስላለ አሮን ይናገርለታል፤ በፊልሙ ግን ሙሴ ራሱ አንደበቱ የተፈታ ነው። ይህንን የማያውቅ ልጅ ፊልሙን እንደ ኦሪት ይወስደዋል። አንድ ሽማግሌ አጠገቡ ካሉ ግን "ቆይ፣ እዚህ ላይ ዋሸ" ይላሉ። ያን ጊዜ ልጁ መጽሐፉን ከፍቶ እውነት መሆኑን ያያል። ሽማግሌው ዳኛ ሆኑ፤ መጽሐፉም ተነበበ። ድፍረቱ የቱ ላይ ነው?

ሁለተኛው ተቃውሞ "ፊልሙን ያየ ልጅ መጽሐፉን አያነብም" የሚል ነው። በከፊል እስማማለሁ። ሁለት ሰዓት ማየት ሁለት ሳምንት ከማንበብ ይቀላል። ነገር ግን ሃሪ ፖተርን ያነበቡ ጓደኞቼን ጠይቁ። ሰባት መጻሕፍት ስምንት ፊልም ሆነዋል፤ ቢሆንም አንባቢ የሚወደው ፒቭስ የተባለው ረባሽ መንፈስ በአንዱም ፊልም ውስጥ የለም። ይህንን የሚያውቅ ያነበበ ብቻ ነው፤ ስለሚያውቅም ይኮራል፣ ላላነበበው ይነግራል፣ ያም ይቀናል። ቅናት አንዳንድ ጊዜ ከምክር የበለጠ ያስነብባል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። እስካሁን የቆጠርኩት የሌሎችን ዘር ነው። የእኛ ታሪክ ፊልም ሲሆንስ አባቱ ማን ነው?

በ2019 ኔትፍሊክስ ላይ ዘ ሬድ ሲ ዳይቪንግ ሪዞርት የተባለ ፊልም ወጣ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የሞሳድ ሰዎች በሱዳን የባሕር ዳርቻ የይስሙላ የመዝናኛ ሆቴል ከፍተው ወገኖቻችንን በስውር ያወጡበትን ታሪክ መነሻ ያደረገ ነው። ዋናውን የሞሳድ ሰው የሚጫወተው ክሪስ ኢቫንስ ነው፤ ልጆች ካፒቴን አሜሪካ ብለው የሚያውቁት። ከእኛ በኩል ያለው ትልቁ ገጸ ባሕርይ ከበደ ይባላል። የተቀረጸውም የሱዳንን መንገድ ከከፈቱት ከመምህር ፈረደ አክሉም ነው። ነገር ግን ፊልሙ የሚሄደው ከካፒቴኑ ጋር ነው። የእኛ ሰዎች ባብዛኛው በጭነት መኪና ላይ ተቀምጠው ሲጠብቁ ይታያሉ። ብዙ ተቺዎችም ይህንኑ ነቅፈዋል።

እኔም ሳየው ተናድጃለሁ። ነገር ግን ንዴቱን ትቼ "የማን ልጅ ነው?" ብዬ ጠየቅሁ። ከሞሳድ ሰዎች መካከል አንዱ፣ ጋድ ሺምሮን፣ ስለዚያ ሥራ መጽሐፍ ጽፏል። ሌሎችም በጋዜጣና በቴሌቪዥን ተናግረዋል። የተናገረ ሰው ታሪኩ በዓይኑ ይታይለታል። በእግር ለሳምንታት የተጓዙት፣ በሌሊት ልጅ አዝለው የሄዱት፣ በሱዳን መጠለያ ዘመዶቻቸውን የቀበሩት እናቶችና አባቶች ግን ብዙዎቹ ዝም ብለዋል። በዚያ መንገድ ወደ 4,000 የሚሆኑ ሰዎች እንዳለቁ ይነገራል። በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን በሄርጽል ተራራ መታሰቢያቸው ላይ እንቆማለን። ከእነዚያ ሰዎች ስንቱ ታሪኩ ተጽፏል? ያልተጻፈና ያልተነገረ ታሪክ ልጅ አይወልድም። ፊልም ሠሪ ሲመጣ የሚያገኘው የተጻፈውን ነው።

ሲነገር ደግሞ ምን እንደሚሆን አይተናል። ዮሲ ቫሳ የቤተሰቡን ኑሮ ይዞ ብቻውን መድረክ ላይ ወጣ፤ ቴአትሩም "በአማርኛ የተሻለ ይደመጣል" የሚል ስም ነበረው። በኋላ ከሌላ ደራሲ ጋር ነፍሱ የተባለውን የቴሌቪዥን ኮሜዲ ፈጠረ። በ2017 መታየት ጀመረ፤ በ2018 የዓለም አቀፍ ኤሚ ሽልማትን በኮሜዲ ዘርፍ አገኘ። አለምወርቅ ዳቪድያን ደግሞ በአዲስ አበባ በልጅነቷ ከምታስታውሰው የጦርነት ዘመን ተነሥታ በ2018 የበለስ ዛፍ የተባለውን ፊልም ሠራች። በእነዚህ ውስጥ ካፒቴን አሜሪካ የለም። እናትና ልጅ፣ አማችና ሙሽራ፣ ቡናና ጭቅጭቅ አሉ። ዘራቸው ሲቆጠር የሚደርሰው ወደ እናንተ ሳሎን ነው።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው፤ ገንዘብም አይጠይቅም።

ቅዳሜ ማታ ሰንበት ከወጣ በኋላ በሳምንት አንድ ቀን አብረን ፊልም እንይ። ልጁ በየመሐሉ እያቆመ በሚችለው አማርኛ ይተርጉም፤ ሲሳሳት አትቆጡት፣ አርሙት። ፊልሙ ሲያልቅ ትልቁ ሰው "ይህ የማን ልጅ ነው?" ብለው ይጠይቁ። ልጁ መጽሐፉን ያውቅ እንደሆነ ይናገር። ትልቁ ሰው ደግሞ ከኦሪትም፣ ከተረትም፣ ከገዛ ሕይወታቸውም የሚመስለውን ይንገሩ። ከዚያ አንድ ሰው ያንን የተነገረውን በአማርኛም ሆነ በዕብራይስጥ በአንድ ገጽ ይጻፍ። አንድ ዓመት እንዲህ ብናደርግ በየቤቱ ሃምሳ ገጽ ይኖራል። ሃምሳ ገጽ ደግሞ መጽሐፍ ለመሆን የቀረበ ነው።

"የእኔ ሕይወት ምን ፊልም ይወጣዋል?" የምትል አያት እንዳለች አውቃለሁ። እኔ የምመልሰው ይህ ነው፤ አንድ ዓሣ ልጁ ጠፍቶበት ባሕር አቋርጦ ፈለገ ተብሎ ዓለም ሁሉ ተቀምጦ አይቷል። እርስዎ ልጅዎን አዝለው በረሃ አቋርጠዋል።

ተረት ስትጨርሱ "ተረቴን መልሱ" ትሉናላችሁ፤ የእኔን ሰማችሁ፣ አሁን የእናንተን ንገሩኝ ማለት ነው። እነሆ እኔ የእኔን ጨርሻለሁ። ተራው የእናንተ ነው፤ ደብተሩን ይዘን እንጠብቃለን።